ማንም

ዓርብ፣ ከቀኑ ዘጠኝ፤ ቂርያት ጋት፣ ሦስተኛ ፎቅ፤
ሰንበት ሳትገባብኝ ልጨርስ ብዬ ስጣደፍ፣ ስጨነቅ።
ሦስት ኮምፒውተር አለኝ፣ የምጠብቀው ትምህርት ቤት የጣላቸው፣
ዊንዶውስ ወገባቸውን ያጎበጠው፣ ሊኑክስ ቀና ያደረጋቸው።
አንዱ ማእድ ቤት፣ ከዱቄቱ ቆርቆሮ ጎን፤
አንዱ ልጄ ሊራዝ ክፍል፣ የወታደር ከረጢቷ ተደግፎት እንደሆን እንጃ፣ ዘመም ብሎ፣
ሦስተኛው ከጫማ መደርደሪያው ሥር፣ ያለ ስክሪን፣ ያለ ዐይን፣
ሌት ተቀን የሚያጉረመርም፤
አገልጋይ ይሉታል በሙያው ቋንቋ፤ ያገለግላል፣ አይማረርም።

ውስጡ አባቴ አለ።
ከካሴት የተገለበጠ ድምፁ፣ ክሩ ሳይበጠስ የተረፈ፤
የወገራ ሽማግሌ፣ ስንት ደም አድርቆ ያለፈ፣
ስድስት ሰዓት ሙሉ የሚያወራ፤
ማን ማንን እንደ ወለደ፣ ማን ከማን እንደ ተጣላ፣ ማን ለማን እንደ ራራ።

«ሳባን ከክፍሌ ሆኜ ልስማው» አለች ሊራዝ፤
አያቷን ነው፣ ንግሥቲቱን አይደለም።
ፎልደር ከማለት አቃፊ ማለት ደስ ይለኛል፤
እጅ የለውም፣ ግን ያቅፋል።

አንዲት መስመር ጻፍኩ፤ የትኛው አቃፊ፣ ለማን፣ በምን ፈቃድ፤
መቶ ዘጠና ሁለት፣ መቶ ስድሳ ስምንት፣ አንድ፣ ሰባት፣
ደጋግሜ በቃሌ አልኩት፣ ጣቴ እንዳይስት።
ከልጄ ክፍል ሄድኩ። አያያዝኩ። አቃፊው ታየ።
ክፈት አልኩት።
ፈቃድ የለህም አለኝ፣
ዕዳው ሰባት ዓመት በቀረው በገዛ ቤቴ!
እኔ እኮ ሥር ነኝ አልኩት፤ ሥር ማለት የማሽኑ ጌታ፣
የማይከለከል በማታ፣ የማይጠየቅ በጠዋታ።
መመሪያውን አገላበጥኩ፤ እንዲህ ይላል፣ ቃል በቃል ባይሆን፦
በራሱ ማሽን ሥር የሆነ፣ መረቡን ሲሻገር ማንም ይሁን።
ለደኅንነት ነው፤ እንግዳ ሥር ያስፈራል፤
ስሙ ይፋቃል፣ በቦታው «ማንም» ተብሎ ይሰፍራል።

ወንበሩ ላይ ቀረሁ። ቬንቲላተሩ ዞረ።
አባቴም አንድ ቀን ተሻግሮ ነበረ።
በአገሩ ሥር ነበር፣ ዛፉ ሁሉ የሚቆምበት፤
እዚህ ሲደርስ ጸሐፊዋ ቅጽ አነሣችለት፦
ሥራ?
አስታራቂ።
ለዚህ የሚሆን ሣጥን ቅጹ ላይ የለም፤ ባዶውን አለፈችው።
የእኔንም ስም፣ ጓዴን፣ ጋዲ ብላ ጻፈችው።
ቁጥር ሰጠችን፣ ዘጠኝ አኃዝ፤ የእኔው እስከ ዛሬ በቃሌ አለ፤
አባቴ የእሱን ሳያጠና አለፈ፣ ወረቀቱ ኪሱ ውስጥ እንደ ታጠፈ፣ እንዳለ።

አሥራ አንድ ተኩል ላይ ደረስኩበት፦ ማሽን ስም አያይም።
ሊራዝ እዚያም ሊራዝ፣ እዚህም ሊራዝ፤ ያ ምንም አይጠቅምም።
በአገልጋዩ አንድ ሺህ ናት፤ በእሷ ኮምፒውተር አንድ ሺህ አንድ፣
ወንድሟ አቪሻይ ቀድሟት ተመዝግቦ፤ ብኵርና፣ እንደ ልማድ።
«እኔም በጦር ሰፈሩ በር ቁጥር ነኝ፣ አባ» አለች ስቃ፤
«ስሜን የሚያውቀው ድመቱ ብቻ ነው፣ ከኩሽናው ጓሮ ሲነቃ።»

ቁጥሯን አስማማሁ፤
ስሟን አልነካሁም።
የአባቴን ቅጂዎች፣ እስከዚያ በሥር ስም የኖሩ፣
በአንድ ትእዛዝ አወረስኳት፤ ስቆጥር ሦስት መቶ አሥር ነበሩ።

አሥራ ሁለት ከሃምሳ። ባለቤቴ እናንዬ፣ ሻማው በእጇ፣
«ጋዲ!» አለችኝ፤ ስትቆጣ ብቻ ነው እንዲህ የምትጠራኝ።
ሊራዝ የቦት ጫማዋን ክር ሳትፈታ ተጫነችው።
መጀመሪያ ዝምታ። የካሴት መንኮሻኮሽ። ሩቅ የሚጮህ ውሻ።
ከዚያ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገና፣
ስሙ አለ።

ሳይረኑ ነፋ፤ ሰንበት ገባች፤ ማሽን መንካት ቀረ።
አባቴ ከጫማችን ሥር፣ በግድግዳው አልፎ ይናገር ጀመረ፤
ወሬውን በራታችን፣ በእንቅልፋችን ላይ አሰፋው፤
ማንም አላጠፋው።